ጡረታ ልወጣ 4 ወር ቀረኝ፣ ፍርሃቱ አላስተኛ አለኝ

ሰላም ወገኖቼ፣ ሐዋሳ ነው ያለሁት። 32 ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምሬያለሁ። ስሌቱን አውቀዋለሁ፤ ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፣ ስለዚህ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዜ 57.5 በመቶ ይደርሰኛል ማለት ነው። ገና የምትማር ልጅ አለችኝ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከብሩ በላይ የሚያስፈራኝ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት ማጣቴ ነው። ጠመኔ ያልያዘ እጄን ምን አደርገዋለሁ? ገብርኤል ሄጄ አለቅሳለሁ፣ "አንተ ታውቃለህ" ብዬ ለእግዚአብሔር ሰጥቼው እወጣለሁ፣ ሐይቁ ዳር ሳልደርስ ሐሳቡ መልሶ ይይዘኛል። ባለቤቴ "እስከ ዛሬ ማን አኖረን?" ትለኛለች። ልክ ናት።

ጡረታ የወጣችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዴት ገፋችኋቸው? ለእግዚአብሔር የሰጣችሁትን ጭንቀት መልሳችሁ እንዳትወስዱ የረዳችሁ ምንድን ነው? እባካችሁ ጻፉልኝ።