ከኤክሴል ፋይል ዋጋ ለሚያነብ የፍተሻ ስክሪፕት የቱ መሣሪያ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ፕሮግራማችን የወር ደመወዝ ሰንጠረዥ በኤክሴል ያወጣል። በፓይተን የጻፍኩት የፍተሻ ስክሪፕት «ጠቅላላ» የሚለውን ሴል በኦፕንፓይኤክስኤል (የኤክሴል ፋይል በሚያነብ የፓይተን ላይብረሪ) ሲያነብ መጀመሪያ የቀመሩን ጽሑፍ ይሰጠኝ ነበር፤ «ዴታ ኦንሊ» የሚለውን፣ በቀመሩ ፈንታ ውጤቱን የሚያስነብበውን ምርጫ፣ ካበራሁ በኋላ ደግሞ ባዶ ሆነብኝ። ፋይሉን ራሴ ስከፍተው ድምሩ ይታያል። ምን ትጠቁሙኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ መሣሪያ ከመቀየርሽ በፊት ፋይሉን በኤክሴል ክፈቺና አስቀምጪው፤ ከዚያ ስክሪፕቱን እንደገና አስኪጂው። ድምሩ ከመጣ ጥፋቱ የስክሪፕትሽ አይደለም። ኦፕንፓይኤክስኤል ቀመር አያሰላም፤ የሚያነበው ኤክሴል አስልቶ ከቀመሩ ጋር ያስቀመጠውን ውጤት ነው። ኤክሴል ያልነካው ፋይል ውስጥ ያ ውጤት ላይኖር ይችላል። ባዶ መምጣቱ እንኳ ደግ ነው። የኤክሴል ፋይል የሚጽፈው የፓይተን ላይብረሪ ኤክስኤልኤስኤክስራይተር የቀመሩ ውጤት ካልተሰጠው 0 ይጽፋል፤ 0 ደግሞ እውነተኛ ቁጥር መስሎ ፍተሻውን ሊያልፍ ይችላል። እኔ በጣም የምፈራው ይህንን ነው።

ወደ ፓንዳስ፣ ሰንጠረዥ ወደሚያቀናብረው የፓይተን ላይብረሪ፣ ብትሄጂ አይረዳሽም፤ እንዲህ ያለውን ፋይል የሚያነበው በዚያው በኦፕንፓይኤክስኤል ነው። እንዲያውም ዓምዱን እንደ ጽሑፍ እንዲያነብ ካላዘዝሽው በ09 የሚጀምረውን የስልክ ቁጥር ዜሮውን ሊጥለው ይችላል።

የእኔ ምርጫ ሊብሬኦፊስ የተባለው የቢሮ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ መስኮት ሳይከፍት በትእዛዝ ብቻ ይሠራል። ፋይሉን ወደዚያው ወደ ኤክሴል ዓይነት መልሶ ሲቀይር ውጤት የሌላቸውን ቀመሮች ያሰላቸዋል፤ አንቺ የተሰላውን ቅጂ ታነቢያለሽ። ለዚያ ለ0 ችግር ግን ፋይል ሲከፈት ሁልጊዜ እንዲያሰላ በቅንብሩ ማዘዝ ያስፈልጋል። ቀርፋፋ ነው፤ ፋይሎችሽ ብዙ ከሆኑ በአንድ ትእዛዝ አብረሽ ስጪው።

በጃቫ ለሚሠራ አፓቼ ፒኦአይ የተባለው የጃቫ ላይብረሪ የራሱ ቀመር አስሊ ስላለው ይሻላል፤ ሁሉንም የኤክሴል ተግባር ግን አያውቅም። ረድፍም ከ0 ይቆጥራል፣ ኦፕንፓይኤክስኤል ከ1።

ሌላ መልስ፦ በሊብሬኦፊሱ እስማማለሁ። ሰንጠረዡ የኢትዮጵያ ቀን ካለበት ግን ቀኑንም ፈትሺ። በእጅ ሲጻፍ ወይም ከሲኤስቪ (በነጠላ ሰረዝ ከተለየ የጽሑፍ ፋይል) ሲከፈት ኤክሴል «05/02/2016»ን፣ ማለትም ጥቅምት 5ን፣ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። «30/02/2016» ሲደርስ ግን እንዲህ ያለ ቀን ስለማያውቅ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። አንዱ ዓምድ ግማሹ ቁጥር፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል። ዓምዱ ከመነሻው በጽሑፍ እንዲወጣ ጠይቂ። የሠራተኞችን ስም የምታመሳክሪ ከሆነም «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በስም ፈንታ በመለያ ቁጥር አመሳክሪ።