ተስቦ የሚረዝም አውትሪገር ገዛሁ፤ ክሮቼ ግን እየተጠላለፉ ተቸገርኩ

ጠያቂ፦ ጀማሪው ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁም። ባለ 23 ጫማ ጀልባ አለኝ፤ መሪው ላይ ቲ-ቶፕ፣ ማለትም በቱቦ የቆመ ጣሪያ፣ ያለው ነው። ሰመር ላይ ከጓደኞቼ ጋር ከኦሽን ሲቲ እየተነሣን ባሕር ስር ወዳለው ጥልቅ ሸለቆ፣ ወደ ባልቲሞር ካንየን አቅጣጫ እንወጣለን። የምንፈልገው ቱና ዓሣ ነው። ዘንድሮ ያገለገለ የአሉሚኒየም አውትሪገር ገዛሁ። እንደ አንቴና ተስቦ የሚረዝም ዓይነት ነው፤ ሲዘረጋ 15 ጫማ ይሆናል።

ለማያውቀው ላስረዳ። አውትሪገር ከጀልባው ግራና ቀኝ ወደ ውጭ የሚዘረጋ ረጅም ምሰሶ ነው። ምሰሶው ላይ ገመድ ይዞራል፤ ገመዱ ላይ ክሊፕ አለ። የማጥመጃው ክር በክሊፑ ተይዞ ወደ ጫፉ ይወጣል። መንጠቆው ላይ ለማባበያ የተሰካው ዓሣም ከሞተሩ አረፋ ርቆ በጠራ ውሃ ላይ ይጎተታል።

ሐሳቡ ገብቶኛል፤ ሥራው ግን እምቢ አለኝ። ዓሣ ሳይነካው ክሩ ከክሊፑ ያመልጣል። ስንዞር የግራና የቀኙ ክር ይተበተባል። የቀኙ ምሰሶ መሠረት ይወዛወዛል፤ የግራው ደግሞ ተጣብቆ አልታጠፍ ብሏል። ባለፈው ቅዳሜ ግማሹን ቀን ክር ስንፈታ ዋልን። ልሽጠው ወይስ ይስተካከላል?

መልስ፦ የቨርጂኒያ ቢቹ

ወንድሜ፣ እንዳትሸጠው። ክሩን ለጊዜው ተወውና ከሚወዛወዘው መሠረት ጀምር። 4 ሜትር ተኩል ምሰሶ በማዕበል ሲናጥ ጉልበቱ በሙሉ የሚያርፈው እዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ነው። በቪቴ ብቻ የታሰረ ከሆነ ንቀለው። ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ ቡሎን ይሁን፤ 316 የሚባለው ስቴንለስ። ከስር ሮንዴላ ብቻ አይበቃም። ወፈር ያለ ላሜራ አድርግና ዳዶውን እሱ ላይ እሰረው፤ ያኔ ጫናው ይበተናል። በትራፓኖ የበሳኸውን ቀዳዳ ሁሉ ለጀልባ በሚሠራ ማሸጊያ ድፈነው። ውሃ ፋይበርግላሱ ውስጥ ከገባ ውስጡን አበስብሶ ነው የምታገኘው። እኔ በአንድ ያገለገለ ጀልባ ላይ አይቼዋለሁ፤ ጥገናው ከአውትሪገሩ ዋጋ በላይ ነበር።

ወደ ክሊፑ ስንመጣ፣ ክሩን እንዲሁ አስገብተህ ይሆናል። እንዲሁ ከገባ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ክሩን በጣትህ አምስት ስድስት ጊዜ አዙረህ ግመደው፤ የምትወጣውን ቀለበት ክሊፑ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ክሊፑን ትንሽ ትንሽ እያጠበቅህ ሞክር። ጀልባው በ6 ኖት (በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ) እየሄደ፣ መንጠቆው ላይ ያለው ማባበያ ዓሣ ማዕበል ሲመታው ሳያመልጥ፣ በእጅህ ቆጣ ብለህ ስትስበው ግን ጠቅ ብሎ መልቀቅ አለበት። ሌላ ሚስጥር የለውም። ዓሣው ሲመታ ክሩ ይለቃል፤ የላላው ክር እስኪወጠር መንጠቆ ያለበት ምግብ ለአፍታ ይቆማል። ዓሣው የሚውጠው በዚያች አፍታ ነው።

መልስ፦ የምጽዋው አዛውንት

ልጄ፣ እኔ ቱና አጥምጄ አላውቅም። በወጣትነቴ ግን ምጽዋ በባሕር ኃይል አገልግያለሁ፤ ገመድና ጨው አውቃለሁ። የተጣበቀውን ምሰሶ በመዶሻ እንዳትነካው። አሉሚኒየም አንዴ ከጎደጎደ አይመለስም። የያዘው ጨው ነው። ሞቅ ባለ ንጹሕ ውሃ ላይ ኮምጣጤ ጨምረህ በጨርቅ መገጣጠሚያው ላይ ጠቅልለው፤ ቆየት ይበል። ከዚያ የውጩ ቱቦ ላይ ብቻ ሙቅ ውሃ አፍስስና እያዞርክ ሳበው። ሙቀት የውጩን ያሰፋዋል። ከወጣ በኋላ ግራሶ አትቀባው፤ አሸዋና ጨው ይሰበስባል። ከባሕር በተመለስክ ቁጥር ዘርግተህ በንጹሕ ውሃ እጠበው፤ ሳይደርቅ አትጠፈው።

መልስ፦ እመቤት ከፍሎሪዳ

ጋሼ ያሉት እውነት ነው። እኔም ከባለቤቴ ጋር የምንጠቀመው ይህንኑ ዓይነት ነው።

ስለ መተብተቡ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ምሰሶው ላይ የሚዞረው ገመድ ምንድነው? ተራ የናይለን ገመድ ከሆነ ሲረጥብ ይረግባል። ከረገበ ክሊፑ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ክሮችህም ይቀራረባሉ። 2 ሚሊሜትር ገደማ የሚወፍር ሞኖፊላመንት፣ ማለትም ያልተገመደ ወጥ የፕላስቲክ ክር፣ ቀይርበት፤ ከታች በኩል በላስቲክ ገመድ እሰረው። በጣም ከወጠርከው ደግሞ ምሰሶው እንደ ቀስት ይጎብጣል። ያን ስታይ ትንሽ አላላው።

የመልቀቂያው ቅደም ተከተልም አለ። መጀመሪያ ከአውትሪገሩ በጣም ሩቅ የሚሄደውን ክር ልቀቅ፤ ቀጥሎ ከአውትሪገሩ አጭሩን፤ በመጨረሻ ከጀልባው ኋላ በቀጥታ የሚሄዱትን ሁለቱን። ስትሰበስብ በተቃራኒው። ስትዞርም ሰፋ አድርገህ ዙር። በጠባቡ ስትዞር በውስጥ በኩል ያለው ክር ፍጥነት አጥቶ ይሰምጣል፤ የውጩ መጥቶ ላዩ ላይ ይወድቃል። የእኛ ክር ሁሉ ይተበተብ የነበረው በዚህ ነው።

ጠያቂ፦ ጀማሪው ከሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ! የተጣበቀው በሙቅ ውሃና በኮምጣጤ ወጣ። መሠረቱም እንደተባለው በአራት ቪቴ ብቻ ነበር የታሰረው፤ ሁለቱ ዝገዋል። አሁን ላሜራ እያስቆረጥኩ ነው። ገመዱም ናይለን ነው፣ እቀይረዋለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ክሮቹን ምን ያህል ላርቃቸው?

መልስ፦ የቨርጂኒያ ቢቹ

በሜትር አትለካ፤ ከጀልባው ኋላ የሚነሡትን ሞገዶች ቁጠር። ከጀልባው ኋላ በቀጥታ የሚሄዱት የመሐል ክሮችህ ሁለተኛው ሞገድ ላይ ይሁኑ። ከአውትሪገሩ አጭሩ አራተኛው ላይ፣ ረጅሙ ስድስተኛው አካባቢ። ሁሉም የሞገዱ ፊት ላይ ይሁኑ፤ ጀርባው ላይ ከሆኑ ዓሣው በደንብ አያያቸውም።

ሁለቱም ምሰሶዎች ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 9 ሜትር ታገኛለህ። ለ23 ጫማ ጀልባ ከበቂ በላይ ነው። በፍጥነት ስትጓዝ ግን አጥፈህ ወደ ኋላ እሰራቸው። ድልድይ ስር ከመግባትህ በፊት ቀና ብለህ እይ። ሰማዩ ከጠቆረ ወዲያው አውርዳቸውና ወደ ወደቡ ተመለስ፤ ከፍ ብሎ የቆመ ምሰሶ በመብረቅ ሊመታ ይችላል። ቱና የምትፈልግ ከሆነ ደግሞ ለጀልባህ የፌዴራሉን ፈቃድ ከኖዓ (NOAA፣ የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር) ማውጣትህን አረጋግጥ። የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም።

ላሜራውን ስትገጥም ስቴንለሱና አሉሚኒየሙ በሚነካኩበት ቦታ ዝገት መከላከያ ቅባት በመሐላቸው አድርግ። እሱን ካልቀባህ ከዓመት በኋላ ቡሎኑ አይፈታልህም።