የቺካጎን ባንድ ቦክስ ሴት (ብዙ ዲስክ በአንድ ሳጥን) ለአባዬ ልወስድለት ነው፣ የትኛውን ልግዛ?

ቤዛ ቨርጂኒያ፦
ሰላም ናችሁ? እስቲ ሙዚቃ የምታውቁ ሰዎች ድረሱልኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ አባዬ ደግሞ 70 ሊሞላው ነው፣ ሁልጊዜ ሸሚዝና የስኳር መለኪያ ይዤ መሄድ ሰልችቶኛል፣ በዚ ዙር የምር ደስ የሚለውን ነገር ልውሰድለት ብዬ ነው። አባዬ የቺካጎ ነገር አይሆንለትም፣ ከተማውን ሳይሆን ባንዱን ነው ምላችሁ፣ ጊታርና ድራም ላይ ትራምፔት ትሮምቦንና ሳክስፎን ደርበው ሮክ የሚጫወቱትን። ልጅ ሆኜ አንድ ካሴት ነበረው፣ ቴፑ በበላው ቁጥር ቁጭ ብሎ በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ይመልሰዋል፣ መጨረሻ ላይ ተበጥሶ ቀረ። የተቀዳ ካሴት ስለሆነ ላዩ ላይ በሱ እጅ ጽሑፍ "ቺካጎ" ከሚል ሌላ ምንም የለበትም።

አሁን ኢንተርኔት ላይ ያገለገሉ ሦስት ቦክሶች አይቻለሁ። አንዱ ግሩፕ ፖርትሬት ይላል 4 ሲዲ፣ ሁለተኛው ዘ ቦክስ ይላል 5 ሲዲና አንድ ዲቪዲ፣ ሦስተኛው ኳዲዮ የሚባል 9 ዲስክ ያለው ነው፣ እኔ ብዙ ዲስክ ያለው ይሻላል ብዬ ወደሱ አዘንብያለሁ። እማዬ ደግሞ "የኔን ዘፈን ካላመጣሽ እንዳትመጪ" ብላኛለች፣ የሷ ሃርድ ቱ ሴይ አይም ሶሪ ነው። አባዬ የሚፈልገውን ግን ስሙን አያውቀውም፣ ፒያኖ ብቻ እየተመላለሰ ይሄዳል፣ ሰውየው በወፍራም ድምፅ ትንሽ ይዘፍናል፣ ከዛ በዋሽንት ያልቃል ነው የሚለው። ይሄን የሚያውቅ አለ? እቤት ዲቪዲ ዴክ አለ፣ መኪናው ቪትዝ ናት ፍላሽ ትቀበላለች።

ትሮምቦኑ፦
ቤዚ ኳዲዮውን እንዳትነኪው! ዲስኮቹ ሲዲ አይደሉም ብሉሬይ ናቸው፣ የአባትሽ ዴክ ይተፋቸዋል። በሰባዎቹ ለአራት ስፒከር ተብለው የተሠሩትን ሚክሶች (የድምፅ ቅንብሮች) ሰብስበው በ2016 ያወጡት ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምለው)፣ ብሉሬይ ማጫወቻና አራት ስፒከር ላለው ሰው ገነት ነው ለሌላው ግን ጌጥ ነው።

ግሩፕ ፖርትሬት በ1991 የወጣ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ባንዱ ኮሎምቢያ ከሚባለው ሙዚቃ አሳታሚ ጋር የነበረበትን ዘመን ብቻ ነው የያዘው፣ ማለትም ከ1969 እስከ 1980። የእናትሽ ዘፈን ደግሞ 1982 ነው፣ ያኔ ኮሎምቢያን ለቀው ዋርነር የሚባል ሌላ አሳታሚ ጋ ገብተው ዴቪድ ፎስተር ነበር ፕሮዲዩስ የሚያደርግላቸው፣ ስለዚ እዛ ውስጥ ብትፈልጊ ብትፈልጊ አታገኚውም። ሁለቱንም ዘመን የያዘው ዘ ቦክስ ነው፣ 2003 ራይኖ ያወጣው። እኔ ብሆን እሱን ነው ምገዛው።

ስለ ዋሽንቱ ዘፈን ጋሽ ሸክላ ይምጡና ይናገሩ፣ እኔ ገምቻለሁ ግን እሳቸው ይቅደሙ።

ጋሽ ሸክላ፦
መጣሁ። ልጄ አባትሽ ጆሮ ያለው ሰው ነው። የሚፈልገው ከለር ማይ ወርልድ ነው፣ ሁለተኛው አልበማቸው ላይ ያለ፣ 1970። ወፍራም ድምፅ ያልሽው ጊታሪስቱ ቴሪ ካት ነው፣ ዋሽንቱን (ፍሉት ነው እንግዲህ) የሚነፋው ሳክስፎኒስቱ ዋልተር ፓራዜደር ነው። ካት በጥር 1978 በገዛ ሽጉጡ በድንገት ሞተ፣ 32 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ለኔ ባንዱ እዛው ጋ አብቅቷል፣ ከዛ በኋላ ያለው የሠርግ ሙዚቃ ነው፣ እናትሽ እንዳትቀየሙኝ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከለር ማይ ወርልድ ለብቻው የተሠራ ዘፈን አይደለም። ትሮምቦኒስቱ ጄምስ ፓንኮው የጻፈው 13 ደቂቃ ገደማ የሚሆን ሰባት ክፍል ያለው ረጅም ሥራ አለ፣ ሜክ ሚ ስማይል ብሎ ይጀምርና ሳይቋረጥ እየተቀጣጠለ ይሄዳል፣ ከለር ማይ ወርልድ አምስተኛው ክፍል ነው። አባትሽን ደውለሽ ዋሽንቱ ሲያልቅ ምን ይመጣል ብለሽ ጠይቂው። ዝም ይላል ካለ ለብቻው ተቆርጦ የወጣውን ነጠላ ዘፈን ነው የሚያውቀው። ትራምፔቱ ቦግ ብሎ ይገባል ካለ ግን ካሴቱ የተቀዳው ከአልበሙ ነው ማለት ነው።

ሚሚ ስድስት ኪሎ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ለምን ይሄ ሁሉ? ዘ ቬሪ ቤስት ኦፍ የሚል 2 ሲዲ አለ 2002 የወጣ፣ የአባትዬውም የእናትዬውም አለበት፣ በርካሽ ነው የሚገኘው፣ ሻንጣ ላይም ቦታ አይዝም። አስር ሲዲ ተሸክሞ አገር መግባት ምን የሚሉት ነው በዚ ዘመን 😂

ጋሽ ሸክላ፦
ሚሚዬ ክፋት የለውም፣ ግን ምርጥ ምርጡ ተብሎ የሚወጣ ሲዲ ላይ ለሬዲዮ የተቆረጠው ቅጂ እየገባ ነው የሚያስቸግረው። መለያውን ልንገራችሁ፣ ትዌንቲ ፋይቭ ኦር ሲክስ ቱ ፎር የሚለውን ደቂቃውን እዩ። አልበሙ ላይ 4 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነው፣ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ከሆነ ተቆርጧል፣ የካት ጊታር ነው የሚቆረጠው፣ እሱን ከቆረጥከው ደግሞ ምን ቀረ? እንዴ፣ በርበሬ የሌለው ወጥ!

የሺ ቺካጎ፦
ጥያቄውን አይመልስም ግን እዚ ቺካጎ ስለምኖር ዝም ማለት አልቻልኩም። የመጀመሪያው አልበማቸው ላይ የባንዱ ስም ቺካጎ ትራንዚት ኦቶሪቲ ነበር፣ እሱ እኮ እኔ ጠዋት ጠዋት በብርድ ቆሜ የምጠብቀው የባስና የባቡር መሥሪያ ቤት ስም ነው። መሥሪያ ቤቱ እከሳችኋለሁ ሲላቸው ነው ቺካጎ ብቻ ብለው ያሳጠሩት። ቤዛ ስትፈልጊ የመጀመሪያውን አልበም በሁለቱም ስም ፈልጊው፣ አንዳንድ ሻጭ በረጅሙ ስም ነው የሚለጥፈው።

ቤዛ ቨርጂኒያ፦
ጋሼ ደወልኩለት!! ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ስልኩ ላይ በአፉ ዋሽንቱን ነፋልኝ ከዛ ትንሽ ዝም አለና "ፓ ፓ ፓ ፓ" እያለ ትራምፔቱን ጀመረ፣ እማዬ ከጀርባ "ጎረቤት ይሰማል" ትለዋለች። ዋሽንቱ እንዳለቀ ወዲያው ነው የሚገባው አለ፣ ከዛ መጀመሪያ ላይ የነበረው ዘፈን ተመልሶ ይመጣል አለ። ታዲያ አሁን ዘ ቦክስን ልግዛ ወይስ ሌላ ነው?

ጋሽ ሸክላ፦
አባትሽ እግዜር ይስጠው። ትራምፔቱ ቱ ቢ ፍሪ የሚባለው ክፍል ነው፣ ተመልሶ የሚመጣው ደግሞ የመጨረሻው፣ ናው ሞር ዛን ኤቨር፣ የሜክ ሚ ስማይል ዜማ ነው የሚመለሰው። እንግዲህ የምትገዢው ነገር ላይ ከጀርባው ከከለር ማይ ወርልድ ቀጥሎ ቱ ቢ ፍሪ የሚል መኖሩን ሳታዪ ብር እንዳትከፍይ።

ትሮምቦኑ፦
ሀሳቤን ቀይሬያለሁ። ሰውየው የለመደው ሙሉ አልበም ነው እንጂ ምርጥ ምርጡ የተሰበሰበበት አይደለም፣ ስለዚ ዘ ስቱዲዮ አልበምስ ከ1969 እስከ 1978 የሚለውን ግዢለት፣ 2012 የወጣ 10 ሲዲ ነው። ከመጀመሪያው አልበም እስከ ሆት ስትሪትስ አስሩ የስቱዲዮ አልበሞች እያንዳንዳቸው ሙሉ አሉበት፣ ሁለተኛው አልበም ድሮ ሁለት ሸክላ የነበረው አንድ ሲዲ ላይ ገብቷል። ሽፋናቸው እንደ ድሮው ሸክላ በካርቶን ተሠርቶ ነው፣ ጽሑፉ ግን የጉንዳን እግር ያህል ነው መነጽር ይዘጋጅ። ኒውዮርክ ካርኔጊ ሆል አዳራሽ መድረክ ላይ የተቀዳው ግን ይሄ ውስጥ የለም፣ እሱ ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ 2021 ላይ ስምንቱንም የ1971 ኮንሰርቶች በ16 ሲዲ አውጥተውታል፣ አባትሽ እስኪጠይቅ ድረስ እሱን ተይው።

ለእናትሽ ደግሞ ቺካጎ 16 የሚለውን አንድ ሲዲ ጨምሪ፣ አለቀ። ይህን ስሚማ፣ አልበሙ ላይ ሃርድ ቱ ሴይ አይም ሶሪ ሬዲዮ ላይ እንደሚያልቀው አያልቅም፣ ቀዝቀዝ ብሎ ሄዶ ሄዶ በስተመጨረሻ ጌት አዌይ የሚል ፈጣን ነገር ይገባል፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሁሉ እዛ ጋ ይነሳሉ። አባትሽ ሶፋው ላይ ፊቱን አጥቁሮ እያዳመጠ እዛ ጋ ሲደርስ ቀና ይላል።

ዳዊት ዱባይ፦
ስለ ፍላሹ እኔ ልበል፣ ለአባቴ ሠርቼ ስላየሁት። ላፕቶፕሽ ሲዲ ማስገቢያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ኤክስተርናል ድራይቭ ግዢ፣ እዛው ሆነሽ ሪፕ አድርጊ (ሲዲውን ወደ ፋይል ገልብጪ ማለት ነው)፣ አገር ቤት ሄደሽ አትጀምሪው። ፍላሹን ፋት 32 ፎርማት አድርጊ ካልሆነ ብዙ የመኪና ቴፕ አያነበውም፣ ፋይሉ ኤምፒስሪ 320 ቢሆን ይበቃል፣ ፍላክ የሚባለውን የፋይል ዓይነት ካደረግሽው አሮጌ የመኪና ቴፕ ዝም ነው የሚልሽ። የፋይሉ ስም መጀመሪያ ላይ 01 02 እያልሽ ቁጥር ስጪው፣ አለዚያ በፊደል ተራ ያመሰቃቅለዋል።

ዋናው ግን ይሄ፣ ጋሽ ሸክላ ያሉት ሰባት ክፍል ሲዲው ላይ ሰባት ትራክ ነው፣ ሲዲ ሲጫወት አይታወቅም፣ ኤምፒስሪ ሲሆን ግን መኪናው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያልፍ ቅንጣት ዝም ይላል። ዋሽንቱ አልቆ ትራምፔቱ ሊገባ ሲል ቅቅ ብሎ ይቆማል። እኔ በሌላ አልበም ደርሶብኛል፣ አባቴ "ፍላሽህ ተበላሽቷል" ብሎ ጎማ መቀየሪያው ጋ ወረወረው። ስለዚ ሰባቱን አንድ ላይ አጣምረሽ እንደ አንድ ፋይል ሪፕ አድርጊው፣ ጆይን ትራክስ የሚል ምርጫ ያላቸው ፕሮግራሞች አሉ።

እና ዴኩ ዲቪዲ ቢሆንም ሲዲ በደንብ ያጫውታል፣ በቲቪ ስፒከር ግን እንዳያዳምጠው፣ ቀይና ነጩን ገመድ ከአሮጌው ቴፕ ጀርባ ይሰካበት። ከአሜሪካ ሲዲ ማጫወቻ ልውሰድ ብትዪ ደግሞ ከጀርባው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መኖሩን እዪ፣ 120 ብቻ የሚል ከሆነ እቤት ገብቶ በሰካው ቀን ጭስ ነው።

ሚሚ ስድስት ኪሎ፦
እሺ ተሸንፌያለሁ 😂 ግን ያገለገለ ከሆነ ሻጩን የዲስኮቹን የጀርባ ፎቶ ጠይቂው፣ የአስሩንም፣ አንድ በአንድ። እኔ አንዴ ባለ ስድስት ገዝቼ ሳጥኑን ስከፍተው አምስት ነበር፣ ስድስተኛው ካርቶን ውስጥ የሌላ ዘፋኝ ሲዲ ተሽጎበታል፣ ሻጩም ድምፁን አጠፋ።

ቤዛ ቨርጂኒያ፦
ኧረ ተባረኩ። ባለ አስሩን አገኘሁት፣ ፎቶውን ጠየቅኩ ሁለተኛው ሲዲ ጠርዙ ላይ ትንሽ ተጭሯል አለኝ፣ ልተወው ወይስ ይሁን?

ዳዊት ዱባይ፦
ሲዲ ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው የሚነበበው፣ ጠርዙ የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች ናቸው፣ የአባትሽ ደግሞ መሃል አካባቢ ነው የሚውለው። ከመሃል ወደ ውጭ የሚሄድ ጭረት ብዙ አያስፈራም፣ ክቡን ተከትሎ የሚዞረው ነው የሚያዘልለው። እሱ ካልሆነ ግዢው፣ እንደደረሰሽ ያን ቀን ሪፕ አድርገሽ እስከ መጨረሻው አዳምጪው፣ ከዘለለ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ትመልሻለሽ።

ቤዛ ቨርጂኒያ፦
ደረሰ። አልዘለለም። ሰባቱን ክፍል አንድ ፋይል አደረግኩት፣ የፋይሉን ስም "01 የአባዬ ዋሽንት" አልኩት፣ እማዬን ደግሞ 02 ላይ አስገባኋት፣ መኪና ውስጥ እንዳይጣሉ።

ጋሽ ሸክላ፦
እናትሽን 01 ላይ አድርጊ ልጄ፣ እኔ ባለትዳር ነኝ የምለውን አውቃለሁ።