ጡጦ እምቢ ያለች ልጅ ይዤ ሥራ ልመለስ ነው፤ ምን ላድርግ?

እናቶች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። የምሠራው የግል ድርጅት ውስጥ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ስለሆነ ሥራ መመለሻዬ ደርሷል። ልጄ ግን ከጡቴ ውጭ ምንም አልቀበልም ብላለች። የታለበ ወተቴን በጡጦ ስናቀርብላት ወደ ኋላ ተለጥጣ ትንፋሿ እስኪያጥር ታለቅሳለች።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ በንጹሕ ትንሽ ሲኒ ሞክሩ አለችን። ሲኒው ከጡጦው ይሻላል፤ አታለቅስም፤ ግን ግማሹ ደረቷ ላይ ይፈሳል። ያን ወተት ለማለብ ስንት እንደሚለፋ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ቀን የምትይዝልኝ አማቴ ናት። «የላም ወተት በውሃ አቅጥነሽ ተይላት፣ እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚህ ነው» ትለኛለች። እስከ 6 ወር ውሃ እንኳን እንዳይሰጣት ተነግሮኛል፤ በዚህ አቋሜን አልለውጥም። ግን እሷ ባትኖር ሥራዬን መልቀቄ ነበር፤ ላስቀይማት አልፈልግም።

ልጃችሁ እንዲህ ያስቸገራችሁ፣ በሲኒ ሲጠጣ እንዴት ነበር የምትይዙት? እናት ከቤት ስትወጣ ይቀበላሉ የሚባለውስ እውነት ነው? ደግሞ ሰፈራችን መብራት ይጠፋል፤ የታለበ ወተት ፍሪጅ ሳይገባ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይም ስለተባልኩ፣ መብራት ሲጠፋ እንዴት እንደምታቆዩት ንገሩኝ። አማቱን ሳያስከፋ ያሳመነ ካለም ምን ብላችሁ እንደጀመራችሁ ጻፉልኝ።