ባጃጁ ተሽጦ ጌም? የድሬ ልጆች የግሩፕ ክርክር

የሳቢያኑ አጎት፦ ያ ጀማዓ፣ ፍረዱኝ። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ኮሌጅ ጨረሰ። ሥራ የለም። አሁን «አንዱን ባጃጅ ሽጥና ኮምፒውተር ግዛልኝ፤ ጌም ስጫወት እየቀዳሁ ዩቲዩብ ላይ እለቃለሁ፤ በዓመት እመልስልሃለሁ» ይለኛል። ያሉኝ ሁለት ባጃጆች ናቸው። ይሄ ሥራ ነው ወይስ ሥራ ፈትነት? እናቱ ታለቅሳለች፤ እሱ ስለ አንድ ስዊድናዊ ያወራል።

የከዚራ ልጅ፦ ስዊድናዊው ፒውዲፓይ ነው አቦ! ጌም እየተጫወተ ሲስቅና ሲጮህ ቀድቶ እ.ኤ.አ. በ2019 100 ሚሊዮን ሰብስክራይበር ሞላ። ከግለሰብ የመጀመሪያው እሱ ነው። ሥራ ነው እንጂ! አባቶቻችን የምድር ባቡር ሥራ ዘላለማዊ መስሏቸው ነበር። ባቡሩ ሲቆም ለገሃር ምን ሆነ?

ታይዋን (የድሬው ገበያ) ሱቅ ያለኝ፦ አንዱ ደረሰ አልክ። ያልደረሱትን ማን ቆጠረልህ? ከእኔ ኮምፒውተር የገዛ ልጅ ሁለት ወር ቆይቶ «መልሰህ ትገዛኛለህ?» እያለ ይመጣል። በሸጥኩበት ዋጋ አልወስድም፤ ነጋዴ ነኝ፣ አልዋሽም።

ሞካሪው፦ ጋሼ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ። ሂሳቡን ልንገርዎት።

የሳቢያኑ አጎት፦ አንተ በለኝ፣ ድሬ ነው ያለኸው።

ሞካሪው፦ እሺ፣ ልንገርህ። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ብር የሚያካፍልህ 1,000 ሰብስክራይበር ሲኖርህና ቪዲዮህ በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት ሲታይ ነው። ሰው ሁሉ አስር አስር ደቂቃ ቢያይልህ 24,000 ጊዜ መታየት አለብህ ማለት ነው። በአጫጭሩ ሾርት ልግባ ካልክ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን እይታ ይፈልጋል። ያንን ካለፍክ ከረዥሙ ቪዲዮ ማስታወቂያ 55 በመቶው ያንተ ነው፣ ከሾርቱ 45። እሱም 100 ዶላር ካልሞላ አይላክም። እኔ ስምንት ወር ሙሉ ፊፋ የሚባለውን የኳስ ጌም ለቀቅኩ። 340 ሰብስክራይበር አገኘሁ። ግማሹ የሰፈር ልጅ ነው።

የከዚራ ልጅ፦ ፊፋ ማን ያያል? ሁሉም ራሱ እየተጫወተው!

ሞካሪው፦ እኮ! ሰው የሚመጣው ለጌሙ አይደለም፣ ላንተ ነው። ከሁሉ የታየልኝ የቱ መሰለህ? እናቴ ከኋላ ገብታ «ቀፊራ ሄደህ ሽንኩርት አምጣ» ስትለኝ ጎል የገባብኝ። እሷን ለሁለተኛ ጊዜ አስገባት ብለው ጻፉልኝ፣ እምቢ አለች። ደግሞ ክፍያው እንደ ተመልካቹ አገር ነው። ደቻቱ ያለ ሰውና አሜሪካ ያለ ሰው እኩል ብር አያስገኙልህም። በአማርኛ ከሆነ ዲያስፖራው ካልገባበት ሳንቲም ነው የምትለቅመው።

የከዚራ ልጅ፦ ሳንቲሙም ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ያለው ጌታ ነው።

ታይዋን ሱቅ ያለኝ፦ ኮምፒውተሩስ በምን የመጣ መሰለህ፣ በሽንኩርት?

ኡሚ ከመጋላ፦ ስለ ብር ብቻ ታወራላችሁ። ልጁ ሌሊት ይጫወታል፣ ቀን ይተኛል፣ ሲነሳ በርጫ ነው። ሥራ ሰዓት አለው።

የገንደቆሬ ጌም ቤት፦ ኡሚ ወላሂ እውነትሽን ነው። ግን ባጃጅ ነጂውስ ከሰዓት በኋላ የት ነው ያለው? በዚህ ሙቀት ከ8 ሰዓት በኋላ ማንን ሲሠራ አየሽ? እኔ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ፤ ልጆቹ በየጨዋታው ይከፍሉኛል። የሚያተርፈው ተጫዋቹ ሳይሆን ባለቤቱ ነው። ዩቲዩብም እንደዚያው ነው የሚመስለኝ። ደሞ ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ላይ ኔትወርኩን መጀመሪያ የሞከረው እዚህ እኛ ጋ ነበር። ያኔ ሁላችንም ዩቲዩበር ልንሆን ነበር እኮ፣ ረሳችሁት?

የሳቢያኑ አጎት፦ እንግዲህ ልሽጥ ወይስ አልሽጥ?

ሞካሪው፦ አትሽጥ። ስልክ አለው አይደል? የስልክ ጌም ተጫውቶ ስክሪኑን መቅዳት ይችላል፣ እዚያው ስልኩ ላይ ይቆራርጠዋል። ሃምሳ ቪዲዮ ልቀቅ በለው። ሃያኛው ላይ ከሰለቸው ባጃጅህ ተረፈችልህ። ሃምሳውን ከጨረሰ ያኔ እናውራ።

የከዚራ ልጅ፦ በስልክ ጥራት የለውም። ልጁን እያሰናከላችሁት ነው።

ሞካሪው፦ የእናቴ ሽንኩርት በስልክ ነው የተቀዳው።

ባለጉዳዩ፦ አጎቴ፣ ግሩፑ ውስጥ እንዳለሁ ረስተኸዋል። «እናቱ ታለቅሳለች» ማለት ምን አስፈለገ? ለማንኛውም ሃምሳውን እለቃለሁ። እስከዚያ አንዱን ባጃጅ ጠዋት ጠዋት እኔ ልንዳው፣ ቁልፉን ልወስድ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት እመጣለሁ። ግን መስተዋቱ ላይ ካሜራ እሰቅላለሁ። ተሳፋሪ ከኋላ ሆኖ የሚያወራው ከማንኛውም ጌም ይበልጣል።

ኡሚ ከመጋላ፦ እኔን እንዳትቀዳ! ሳታስፈቅድ ሰው አይቀዳም።

የሳቢያኑ አጎት፦ ካሜራው ስንት ነው?