አክስቴ ጥርት ብላ አጎቴ ለምን ደበዘዘ?

ሰላም ለሁላችሁ። ካሜራ ከያዝኩ ሦስት ወሬ ነው። አፐርቸር (ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) ላይ ግን ተጣብቄ ቀርቻለሁ።

ባለፈው እሁድ የእህቴ መልስ ነበር። ሳሎኑ ጨለም ስላለ 50 ሚሊሜትር ሌንሴን ኤፍ 1.8 ላይ አድርጌ አነሳሁ። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ሳየው አሪፍ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ጉድ ሆንኩ። ከፊት የተቀመጠችው አክስቴ የቀሚሷ ጥልፍ ሳይቀር ይቆጠራል። ከኋላዋ የቆመው አጎቴ ግን የእጣን ጭስ ውስጥ ያለ ይመስላል። («እኔን ለይተህ ነው ያጠፋኸኝ?» ብሎ ተቀይሞኛል።)

የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው እንደሚሰፋ፣ ብርሃን በብዛት እንደሚገባና ጥርት የሚለው ርቀት እንደሚጠብ ገብቶኛል። ስለዚህ በማግስቱ እዚያው ሳሎን ኤፍ 8 ሞከርኩ። ሁሉም ጠራ፤ ሸተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ግን ረዘመ፣ ፍጥነቱ ከ1/125 ወደ 1/6 ሰከንድ ወረደ። ቡና ስትቀዳ ያነሳኋት እናቴ ሦስት እጅ አወጣች! አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ400 ወደ 6400 ሳወጣው ደግሞ ፎቶው ላይ ጤፍ የተበተነበት መሰለ።

ፍላሽ የለኝም፣ ለጊዜውም አልገዛም። ቅዳሜ ክርስትና አለብን። በሁለት ረድፍ የቆመ ሰው ለማንሳት ኤፍ 4 ይበቃል? ወይስ ትንሽ ወደኋላ ርቄ ላንሳ? ፎከሱንስ የፊተኛው ረድፍ ላይ ላድርግ ወይስ የኋለኛው?

ሌላም አለ። ሁሉም ነጭ ሲለብስ ካሜራው ነጠላውን አመድማ ያደርገዋል። ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) በ+1 ሳስተካክለው ነጣ፣ ግን አንዳንዱ ላይ ጥለቱ ጠፋ። እናንተ ስንት ላይ ታቆማላችሁ?