33,550,336 ፍጹም ቁጥር መሆኑ በእጅ ስሌት ይረጋገጣል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ፍጹም ቁጥር የሚባለው ከራሱ በስተቀር ያሉት አካፋዮቹ ሁሉ ሲደመሩ መልሰው ራሱን የሚሰጡት ቁጥር እንደሆነ፣ ለምሳሌ 1፣ 2 እና 3 ተደምረው 6 እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ከ6፣ ከ28፣ ከ496 እና ከ8128 ቀጥሎ የሚመጣው 33,550,336 መሆኑን ሳነብ ግን ሁለት ጥያቄ አደረብኝ። ይህን የሚያህል ቁጥር አካፋዮቹን አንድ በአንድ ሳይደምሩ ማረጋገጥ ይቻላል? ከአራት አሃዝ ወደ ስምንት አሃዝስ እንዴት ተዘለለ?

መልስ፦
ይቻላል፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ቁጥሩ የ4096 እና የ8191 ብዜት ነው። 4096 የሚገኘው 12 ሁለቶችን እርስ በርስ በማባዛት ስለሆነ አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያሉ እስከ 4096 የሚደርሱ 13 ቁጥሮች ናቸው፤ ድምራቸውም 8191 ነው። 8191 ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በስተቀር አካፋይ የሌለው) በመሆኑ ደግሞ የቀሩት አካፋዮች እነዚሁ 13 ቁጥሮች በ8191 ሲባዙ የሚገኙት ብቻ ናቸው። ስለዚህ የ26ቱ አካፋዮች ጠቅላላ ድምር 8191 በ8192 ሲባዛ የሚገኘው 67,100,672 ነው፤ ይህም የቁጥራችን ልክ እጥፍ ነው። ከዚህ ላይ ቁጥሩን ራሱን ስንቀንስ 33,550,336 ይቀራል። ግሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ያረጋገጠው መንገድ ይኸው ነው።

ሌላ መልስ፦
ከላይ የተሰጠው ማረጋገጫ የቆመው 8191 ብቸኛ ቁጥር በመሆኑ ላይ ነውና እርሱም ሊፈተሽ ይገባል። የ8191 ዳግም ዘር (በራሱ ሲባዛ 8191ን የሚሰጠው ቁጥር) ከ91 ያንሳል፤ ስለዚህ 8191 ብቸኛ ባይሆን ኖሮ ከ91 የሚያንስ ብቸኛ አካፋይ ይኖረው ነበር። ቁጥሩ የ13 ሁለቶች ብዜት ሲቀነስ 1 ስለሆነ፣ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ ባገኘው ሕግ መሠረት ማንኛውም አካፋዩ ለ26 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት። ከ1 በላይና ከ91 በታች እንዲህ ያሉት 27፣ 53 እና 79 ብቻ ናቸው። 27 ብቸኛ ስላልሆነ ይታለፋል፤ 8191 ለ53 ሲካፈል 29፣ ለ79 ሲካፈል 54 ይተርፋል። በሁለት ማካፈል ብቻ መቋጨቱ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ዝላዩን በተመለከተ፣ ግሪካዊው ኒቆማኮስም በእያንዳንዱ የአሃዝ ርዝመት አንድ ፍጹም ቁጥር እንዳለ፣ መጨረሻቸውም 6 እና 8 እየተፈራረቀ እንደሚሄድ ያምን ነበር። የመጀመሪያውን እምነት 33,550,336 አፈረሰው፤ ሁለተኛውን ደግሞ ተከታዩ 8,589,869,056፣ እርሱም በ6 ስለሚያልቅ።

ከጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ግን 8191 ከ13 ሁለቶች ብዜት 1 ተቀንሶ እንደተገኘ ሁሉ፣ የ8128 አካፋይ የሆነው 127 ከ7 ሁለቶች ብዜት 1 ተቀንሶ ይገኛል፤ ከ7 ቀጥሎ፣ ከ13 በፊት ደግሞ 11 አለ፤ እርሱም ብቸኛ ቁጥር ነው። በእርሱ ለምን አልተገኘም?

መልስ፦
ምክንያቱም የ11 ሁለቶች ብዜት ሲቀነስ 1 የሚሰጠው 2047 ብቸኛ አይደለም፤ የ23 እና የ89 ብዜት ነው። 1024ን በ2047 ብናባዛ 2,096,128 እናገኛለን፤ 23 እና 89 ተጨማሪ አካፋዮችን ስለሚያመጡ ግን ድምሩ 2,325,392 ይደርሳል፣ ከቁጥሩም በ229,264 ይበልጣል።